የግርጌው ስም

ሽማግሌው ጠረጴዛውን በጣታቸው ቆርቆር ሲያደርጉት ብድግ አለች። የፈተና መለማመጃው መጽሐፍም ጉንጯ ላይ ተጣብቆ አብሯት ተነሣና፣ እሱም እንደ ደከመው ሁሉ፣ ዘጭ ብሎ ወደቀ።

«እንቅልፍ አልነበረም አባባ፤ እያሰብኩ ነው» አለች።

«ታንኮራፊ ነበር እኮ ልጄ።»

ባለፎቶኮፒው ከጎረቤት ክፍል መስኮት አንገቱን አስግጎ ያያት ነበር። ይሄ ሰው የራሱ ሥራ ሲጠፋ የሰው ነገር ሥራው ነው። «አራት ነጥብ! ጉንጭሽ ላይ ‹ሐ› ታትሟል። በቃ መልሱ ታወቀ፤ ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ‹ሐ› እያልሽ አክብቢና ውጪ።»

መዳፏን በምራቅ አርሳ ጉንጯን ፈተገችው። ‹ሐ› አልለቀቀም፤ ሰፋ እንጂ።

አራት ነጥብ የሚሏት፣ ባለጉዳይ ታሪኩን ከአያቱ ልደት ሲጀምርባት እጇን አንሥታ «አራት ነጥብ!» ስለምትል ነው። ከፍርድ ቤቱ በር ፊት ለፊት ከተደረደሩት ክፍሎች በአንዷ፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው አንድ እግሩን ውጪ በሚያስቀርባት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ማመልከቻ ስትጽፍ ኖራለች። ፍቺው፣ ወሰኑ፣ ውርሱ፣ ከሥራ መባረሩ፣ የሰው ብሶት ሁሉ ከዚህች ክፍል በሁለት ገጽ ተጠቅልሎ ይወጣል። ወረቀቱ መንገዱን ይሻገራል፤ እሷ ትቀራለች። አንድ ቀን ብቻ ልቧ አልችል ብሏት ተከትላ ገብታ ነበር። የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ጠበቃው እሷ የጻፈችውን ሲያነብ ቀኑን ከወሩ ሲያምታታ ሰማችው። «እንደሱ አይደለም!» ብላ መነሣቷን ያወቀችው ፖሊሱ ክርኗን ይዞ ደጅ ካደረሳት በኋላ ነው። ባለጉዳይዋ ተረታች። እሷም በዚያው ሰሞን፣ ፊደል ቆጥራ ካቆመች ከሃያ ዓመት በኋላ፣ ማታ ትምህርት ተመዘገበች።

«የመግቢያ መስፈርት» የሚለው ወረቀት ከቀን መቁጠሪያው ጎን ተለጥፏል። የሕግ ትምህርት ቤቱ የማታ ክፍል ማን ገብቶ ማን እንደሚቀር በዐሥራ አራት ቁጥር ይዘረዝራል። እሷ ያነበበችው እንደ ተቃዋሚ ወገን መልስ ነው፤ አስምራበታለች፣ ዳር ዳሩን ጽፋበታለች፣ እንዲያውም ቁጥር አምስትና ቁጥር ዐሥራ አንድ ይጋጫሉ ብላ ደውላ ነበር። ስልክ ያነሣችው ልጅ «እትዬ፣ እኔ እዚህ ከገባሁ ዐሥራ አንድ ድረስ ያነበበ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም» ብላ ዘጋችባት።

ጣጣው ያለው ቁጥር አራት ላይ ነው። የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት አምስት ዓመት ካለፈው አይያዝም። እሷ ያንን ውጤት ያገኘችው በሠላሳ ስምንት ዓመቷ፣ ጉልበቷ የተማሪ ዴስክ ሥር አልገባ እያለ ነው። በመጀመሪያው ዓመት የሥራ ልምድ ደብዳቤ አምጪ አሏት። ቀጣሪዋ ራሷ ናትና ራሷ ጽፋ፣ ራሷ ፈርማ ወሰደች፤ ሳቁባት። በሁለተኛው ዓመት ከመዝገብ ቤት ሹም አስጻፈች፤ ማኅተሙ ደብዝዟል ተባለ። ሦስተኛውን እናቷን ስታስታምም ከረመች። በአራተኛው ተፈተነችና በሦስት ነጥብ ወደቀች። አምስተኛው ዛሬ ነው፤ ዛሬ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ዛሬ ከወደቀች እንደገና ዐሥራ ሁለተኛን ልትፈተን ነው፤ ለዚያ ደግሞ ወገቡም ልቡም የላትም። ይህን ለማንም አልተናገረችም። ከአፏ ከወጣ እውነት እንዳይሆንባት ፈርታ።

«አባባ፣ ዛሬ አልጽፍም። ይኸው በሩ ላይ ለጥፌያለሁ።»

«አይቼዋለሁ። ዓይኔ ማንበብ እምቢ አለ እንጂ አይቼዋለሁ።»

«ፈተና አለብኝ።»

«ሁላችንም አለብን ልጄ» አሉና ሳይጋበዙ ተቀመጡ።

ጎረቤታቸው የመኝታ ቤታቸውን መስኮት በግንብ ደፍኖባቸዋል። ከሰው፣ ተረቱ። ይግባኝ የሚሉበት የመጨረሻው ቀን ደግሞ ዛሬ ነው፤ መዝገብ ቤቱም የሚቀበለው እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ። አሁን ሦስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ይህን ሁሉ ሲናገሩ እንደ ሌላው ባለጉዳይ አላለቀሱም፣ ጠረጴዛም አልደበደቡም። «ባለቤቴ አልጋ ላይ ናት» ነው ያሉት። «ሰዓት የምታውቀው በዚያ መስኮት በሚገባው ፀሐይ ነበር። አሁን ቁርስ ሳቀርብላት፣ መሸ እንዴ ትለኛለች።»

ወደ ውጭ አየች። ከጎኗ ያለው ጸሐፊ ለቅሶ ሄዷል። ከእሱ ቀጥሎ ያለው በሰባት መስመር ውስጥ አራት ስሕተት የሚሠራ ሰው ነው፤ ለእሱ ከመስጠት ለጎረቤትዬው መስኮቱን መርቆ መስጠት ይሻላል። መጽሐፉን ዘጋችና ኮምፒዩተሯን ወደ ራሷ ሳበች።

«በሉ ይንገሩኝ። ከግንቡ ይጀምሩ፤ ከጎረቤትዎ አያት እንዳይጀምሩ።»

«አያቱ እኮ ናቸው የዚህ ሁሉ…»

«አራት ነጥብ!»

ግማሽ ገጽ እንደ ጻፈች መብራት ሄደ። የባለፎቶኮፒው ማሽን በተሰበረ ድምፅ አቃስቶ ዝም አለ፤ ሰውየው ግን ዝም አላለም። «ሄደች! መምጫዋንም አልተናገረች!»

ሽማግሌው የጠቆረውን ስክሪን አዩ፤ ከዚያ እሷን። አንድ ነገር ቢሉ ኖሮ ምናልባት እምቢ ማለት ይቀላት ነበር።

መሳቢያዋን ከፍታ ነጭ ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣች። አንድ ለችሎቱ፣ አንድ ለተከሳሹ፣ አንድ ለመዝገብ ቤቱ፤ ሦስት ጊዜ ሁለት ገጽ፣ በእጅ። የካርቦን ግልባጭ ድሮ ቀርቷል። «እኔ ይግባኝ ባይ» ብላ ጀመረች፣ «እኔ ይግባኝ ባይ» ብላ ደገመች፣ «እኔ ይግባኝ ባይ» ብላ ሠለሰች። ሦስተኛው ላይ ጣቷ ከእስክሪብቶው ጋር የተሰፋ መሰላት፤ ከትከሻዋ እስከ አውራ ጣቷ አንድ የጋለ ሽቦ ተዘረጋ። ለስድስት ሩብ ጉዳይ ላይ ሽማግሌው ወረቀቱን ደረታቸው ላይ ለጥፈው መንገዱን ሲሻገሩ፣ መኪናዎቹ ራሳቸው ቆመው አሳለፏቸው። እሷ ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደፋች። ከፈተናው በፊት ልትከልሰው የነበረው ምዕራፍ፣ ‹የክርክር ስሕተቶች›፣ እንደ ተዘጋ ቀረ።

ሰባት ሰዓት ላይ ልጇ ከትምህርት ቤት በዚያው በደንብ ልብሷ መጣችና ወደ ፈተናው አብረው በእግር ወጡ። የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ናት። አራት ወር ሙሉ ንጋት ላይ እየተነሣች፣ የስልኳን ሰዓት እየያዘች እናቷን ስትፈትን የከረመችው እሷ ናት። እንደዚህች ያለ ጨካኝ መምህር በየትም የለም።

«እማዬ፣ ጉንጭሽ ላይ ምንድን ነው?»

«መልስ ነው። ተዪው።»

«እጅሽስ ለምን ይንቀጠቀጣል?»

«አይንቀጠቀጥም፤ እየተፍታታ ነው።»

«ዛሬም ጽፈሽ ነዋ!» ልጅቷ መሀል መንገድ ላይ ቆመች። «ዛሬ እንኳን! ነግሬሽ አልነበር? በሩን ዝጊው አላልኩሽም? እኔ እኮ የራሴን ሒሳብ ፈተና ሠርቼ ነው የመጣሁት፣ ደግሞ ተበላሽቶብኛል፣ ማንንም አልወቅስም፣ አንቺን ብቻ ነው የምወቅሰው።»

«የመኝታ ቤት መስኮት ነው እኮ የደፈኑባቸው።»

«የሰው መስኮት ስትከፍቺ ኑሪ!» አለች ልጅቷ። ከዚያ የእናቷን ቀኝ እጅ ያዘችና እየሄዱ በሁለት አውራ ጣቶቿ መዳፏን ታሽላት ጀመር፤ ጨከን አድርጋ፣ እንደ ተቆጣች። «ቁጥር ዘጠኝ?»

«ስም፣ ፊርማ ወይም ማናቸውም ምልክት ያለበት የመልስ ወረቀት ይሰረዛል።»

«ቁጥር ዐሥር?»

«የተበላሸ ወረቀት ተመልሶ በምትኩ ሌላ ይሰጣል፤ ሰዓት ግን አይጨመርም።»

«ቁጥር ዐሥራ አንድ?»

«ዐሥራ አንድ ከአምስት ጋር ይጋጫል።»

«እሱን ተዪውና!»

ሁለቱም ሳቁ። የእናትየዋ ሳቅ መሀል ላይ ወደ ማዛጋት ተለወጠ።

አዳራሹ ውስጥ ዘጠና የሚሆን ሰው ተቀምጧል። አብዛኛው ትናንት ጡት የጣለ ይመስላል፤ ከፊቷ ያለው ልጅ የእርሳሱን ላጲስ ያኝካል። ፈታኙ ራሱ ገና ፂሙ ልብቀል ልቅር እያለ የሚማከርበት ወጣት ነው። የመልስ ወረቀቱን ሲያድል «ከኮድ ቁጥራችሁ በስተቀር ምንም እንዳትጽፉ» እያለ በየረድፉ ደገመው። እሷ አብራው በሆዷ አነበነበችው፤ ቁጥር ዘጠኝ ናትና።

የመጀመሪያው ክፍል በሌላ ወረቀት ለብቻው የሚሠራ ምርጫ ነበር። አንብበው ይረዱ፣ ከሚከተሉት የቱ ትክክል ነው፣ ከዚህ ዐረፍተ ነገር የማይወጣው ድምዳሜ የቱ ነው። አንዳንዱን ጥያቄ ሦስት ጊዜ አነበበች፤ በሦስተኛው ላይ ፊደሎቹ እግር አውጥተው ይሄዱባታል። ዓይኗን ጨፍና ትገልጣለች፣ እስኪመለሱ ትጠብቃለች፣ ታክብባለች። ስትጨርስ ሁሉም ‹ሐ› አለመሆኑን ብቻ ነው እርግጠኛ የሆነችበት።

ሁለተኛው ክፍል ግን ሌላ ነበር። «የአንድ ሆስፒታል ጥበቃ ሠራተኛ ከመጠየቂያ ሰዓት ውጪ አንዲትን እናት የታመመ ልጇን እንድታይ አስገባ። ደንቡ እንዲህ ያደረገ ሠራተኛ ከሥራ ይሰናበታል ይላል። አቋም ወስደው በሁለት ገጽ ይከራከሩ።»

ወንበሯ ላይ ቀና አለች። ጥበቃው ከፊቷ መጥቶ የተቀመጠ ነው የመሰላት፤ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ከየት ልጀምር እያለ። ከበሩ ጀምር አለችው። «እኔ፣ በሆስፒታሉ በር ላይ ለዐሥራ ሁለት ዓመት ያገለገልኩ የጥበቃ ሠራተኛ» ብላ ጀመረች፤ ከዚያ በኋላ እስክሪብቶውን የያዘችው እሷ ትሁን እሱ እሷን ይያዛት አልታወቃትም። ድካሙ የት እንደ ገባ እንጃ። ዐረፍተ ነገሩ ዐረፍተ ነገር ይጠራል፤ የእናትየዋ ነጠላ ጫማ ሳይቀር ገባበት። ደንብ ለምን እንደሚወጣ፣ ያወጡት ሰዎች ያቺን እናት በር ላይ ቆማ ቢያዩአት ምን ይሉ እንደነበር፣ አንዱን ነጥብ አንሥታ፣ ተቃዋሚ የሚለውን ራሷ ብላለት፣ መልሱን መልሳለት፣ ሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ ልክ በልኩ አሳረፈችው። ከዚህ የተሻለ ጽፋ አታውቅም። እስክሪብቶውን አስቀምጣ የግድግዳውን ሰዓት አየች፤ ዐሥራ ስድስት ደቂቃ ይቀራል። አራት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አየር ወደ ውስጥ ሳበች።

ያኔ ነው ግርጌውን ያየችው።

በስተግራ፣ ከታች፣ በትንንሽ ጥንቁቅ ፊደል፣ ሙሉ ስሟ ከነአባቷ ከነአያቷ፣ ከሥሩም የጸሐፊነት ፈቃድ ቁጥሯ።

ከዐሥራ ስድስት ዓመት በፊት አንድ የመዝገብ ቤት ሹም ነበር፤ «የጸሐፊው ስምና የፈቃድ ቁጥር ከግርጌ በስተግራ የሌለበትን ማመልከቻ አልቀበልም» ያለ። ሹሙ ጡረታ ወጣ፤ ትእዛዙ ግን አልወጣም። ከዚያ ወዲህ ሁለት ገጽ ጽፋ በጨረሰች ቁጥር እጇ ወደዚያች ጥግ ይሄዳል። ቤት ቆልፎ እንደ መውጣት ነው፤ ልቆልፍ ብሎ የሚያስብ የለም። ዛሬ ጠዋት ብቻ ሦስት ጊዜ ጽፋዋለች። ይህ አራተኛው መሆኑ ነው።

ቁጥር ዘጠኝን በቃሏ የምታውቅ፣ ዳር ዳሩን የጻፈችበት፣ ልጇ መንገድ ላይ የጠየቀቻት ሴት! ልትስቅ ቃጣት። ልደልዘው? ድልዝ ምልክት ነው። ጥጉን ልቅደደው? ቅዳድም ምልክት ነው። ዝም ልበል፣ ምናልባት አያዩትም ብላ አሰበች፤ ይህን አሳብ ግን ራሷ አላመነችውም። የመዝገብ ቤትን ሰው ታውቀዋለች። አንድ መስመር ሳያነብ መጀመሪያ የሚያየው ጥጉን ነው።

ሁለቱን ገጾች አየቻቸው። እንዴት ያምራሉ! ደግሞ ደክሟታል፤ እዚያው ላይ አንገቷን ደፍታ ብትተኛ፣ አዳራሹ ባዶ ሆኖ መብራቱ እስኪጠፋ ማንም ባይቀሰቅሳት። ለልጅቷ ምን ትላታለች? ዝም ብሎ ወደቅሁ ማለት ይቻላል። ሰው ይወድቃል። እንዲህ ብሎ የወደቀ ግን የለም።

እጇን አነሣች። የጋለው ሽቦ ከትከሻዋ አብሮ ተነሣ።

ፈታኙ በጫማው ጫፍ እየተራመደ መጣ። «ምን ልርዳዎት እናቴ?»

«ክቡር…» ብላ ጀምራ ምላሷን ነከሰች። «ወረቀት ይቀየርልኝ። ተበላሽቶብኛል።»

ወረቀቱን አነሣና አየው። ዓይኑ መስመሩን ይዞ ወረደ፤ ግርጌው ላይ ሲደርስ ቆመ። ድምፁን ቀነሰ። «ይሄ… አሮጌውን መውሰድ አለብኝ፤ አይተው መገልበጥ አይቻልም። የቀረው ዐሥራ ሦስት ደቂቃ ነው። እርግጠኛ ነዎት?»

«ቁጥር ዐሥርን አውቀዋለሁ ልጄ። ዘጠኝንም አውቀው ነበር።»

አዲሱን ወረቀት አስቀምጦላት ሄደ። አሮጌው በእጁ፣ ፊቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ ሲሄድ በዓይኗ ሸኘችው።

ነጩ ወረቀት አፈጠጠባት። የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ምን ነበር? የሌላውን ሰው ማመልከቻ ከዐሥር ዓመት በኋላ በቃሏ የምትወጣ ሴት ከአምስት ደቂቃ በፊት የጻፈችውን አጣችው። ጥበቃው ተነሥቶ ሄዷል፤ ኮፍያውንም ይዞ ሄዷል። ና ብትለው የሚመጣ አልሆነም። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ከፊቷ ሰው ያልተቀመጠበት ጊዜ አልነበረም፤ እነሱ ይነግሯታል፣ እሷ ትጽፋለች። ‹እኔ ከሳሽ›፣ ‹እኔ ተከሳሽ›፣ ‹እኔ መበለት›፣ ‹እኔ ወራሽ›። አሁን ማንም የለም። ከፊቷ ያለው የላጲስ በሊው ልጅ ጃኬት ጀርባ ብቻ ነው።

ዐሥር ደቂቃ።

አንቺስ ምን ትያለሽ? ብላ ራሷን ጠየቀች። ባለጉዳይ እንደምትጠይቅ፣ ትንሽ ቆጣ ብላ። ከበሩ ጀምሪ፤ ከአያትሽ እንዳትጀምሪ።

«ጥበቃው ደንቡን ጥሷል» ብላ ጻፈች። ጽፋው ራሷ ደነገጠች፤ ቅድም በሁለት ገጽ የካደችው ነገር ነው። እጇ ግን አልቆመም። «ይህን አልክድም፤ የሚክድለትም ሰው አይጠቅመውም። ነገር ግን እኔ በዚያ በር ላይ ብሆን ኖሮ እጥሰው ነበር። ከጣስኩትም በኋላ አልሸሽም፤ ከዳኛው ፊት ቆሜ በራሴ አፍ እናገራለሁ።» ፊደሎቹ እንደ ቅድሙ አላማሩም፤ አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ይጋደማል። ቆንጆ ቃል የምትፈልግበት ጊዜ የላትም፤ ያላትን ታስቀምጣለች። አንዱ መስመር ላይ እስክሪብቶው ከጣቷ አምልጦ ጠረጴዛው ላይ ተንከባለለ፤ በግራ እጇ ይዛ ወደ ቀኝዋ መለሰችው። ደንቡ እንዳይፈርስ ሰውየው ይጠየቅ። ሰውየው እንዳይፈርስ ደግሞ መጀመሪያ ይደመጥ። የሚደመጥበት ቦታ ከሌለው ግን…

«ጊዜው አብቅቷል። እስክሪብቶ አስቀምጡ» አለ ፈታኙ።

አዳራሹ ተንጫጫ። ወንበር ተጎተተ፣ አንዱ ሳለ፣ አንዲት ልጅ ጮክ ብላ «ወይኔ!» አለች። ፈታኙ ከወዲያኛው ረድፍ መሰብሰብ ጀመረ። አራት ነጥብ አላስቀመጠችም። የገጹ መጨረሻ እየቀረበ ነበር፤ ቀኝ እጇ እየጻፈ ወደ ታች ሲወርድ፣ ግራ እጇን አምጥታ ያችን ጥግ በመዳፏ ደፈነቻት፤ መንገድ ልትገባ ያለች ሕፃን እንደሚይዝ ሰው፣ አጥብቃ።

የሁለተኛው ረድፍ ወረቀት ተሰበሰበ። የሦስተኛው። የላጲስ በሊው ልጅ ወረቀቱን ሰጥቶ ዞር ብሎ አያት።

ጫማው አጠገቧ መጥቶ ቆመ።

«እናቴ፣ ሰዓቱ…»

«አንድ ዐረፍተ ነገር» አለች ቀና ሳትል። «አንዲት ብቻ።»

ፈታኙ የግድግዳውን ሰዓት አየ፤ ከኋላው በሩ ላይ የቆመውን ኃላፊ አየ። የተሰበሰቡትን ወረቀቶች ከብብቱ ሥር አደረገና ጎንበስ ብሎ፣ በደንብ ታስሮ የነበረውን የጫማውን ክር ፈታ።